ፍሎራይድን ከጉድጓድ ውሃ ማውጣት፦ የአጥንት ከሰል፣ አሉሚናና የሚያሳስቱ ቁጥሮች

(ለውሃ ቴክኒሻኖች፣ ለውሃ ኮሚቴ አባላትና ለተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እንግባ።

ፍሎራይድ ቀለምም፣ ሽታም፣ ጣዕምም የለውም። በስምጥ ሸለቆ፣ ከወንጂ ተነስቶ በመቂና በባቱ አድርጎ ወደ ሐዋሳ በሚወርደው መስመር፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃው ጥርት ብሎ ሲወጣ ቀበሌው ይደሰታል። ከዓመታት በኋላ የልጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ ሲበቅል ምክንያቱ ያው ጥርት ያለው ውሃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በዚያ መስመር 5፣ 8፣ አንዳንዴም ከ10 በላይ የሚለካ ጉድጓድ ማግኘት ብርቅ አይደለም።

ስለ ጉዳቱ ባጭሩ። የልጅ ጥርስ በድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ፣ ማለትም እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ፍሎራይድ ከበዛበት ነጠብጣቡ ዕድሜ ልኩን አይለቀውም። ብዙ የያዘ ውሃ ለረጅም ዓመታት የጠጣ ሰው ደግሞ አጥንቱና መገጣጠሚያው እየደደረ ይሄዳል፤ ሲከፋ የአከርካሪው አጥንት ነርቭ ይጫናል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በወንጂ ሸዋ የስኳር እርሻ አካባቢ ያጠኑትና በሕክምና ጽሑፎች ያሳወቁት ይህንኑ ነው። የደረሰውን ጉዳት የሚመልስ መድኃኒት የለም። ስለዚህ ያለን መንገድ ውሃውን መለወጥ፣ ካልተቻለም ማጣራት ነው።

ፍሎራይዱ ከየት መጣ? ከዓለቱ። የስምጥ ሸለቆ ወለል የእሳተ ገሞራ አመድ፣ ፓሚስ (ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ) እና ኦብሲዲያን (ጥቁር መስታወት የመሰለ ድንጋይ) ነው። ውሃ በዚህ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ያሟሟል። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ተገናኝተው ፍሎራይት የሚባል ማዕድን ሆነው ይዘቅጡና መጠኑ ራሱን በራሱ ይገድብ ነበር። እዚህ ግን ውሃው በመሬት ውስጥ ሲጓዝ ካልሲየሙን እያጣ በሶዲየም ይተካዋል፤ ባይካርቦኔት የሚባለው፣ አሲድን የሚያለዝብ የተሟሟ ነገርም ይጨምራል። ውጤቱ ሳሙና ቶሎ አረፋ የሚያወጣበት ለስላሳ ውሃ ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው፤ 7 ገለልተኛ ነው) 8 ወይም ከዚያ በላይ፣ ባይካርቦኔቱ በሊትር ብዙ መቶ ሚሊግራም። ይህን ያዙልኝ። ከዚህ በኋላ የምናነሳቸው ማጣሪያዎች ሁሉ የሚደክሙት በዚሁ በፒኤችና በባይካርቦኔቱ ነው።

ወደ ማጣሪያ ከመሄዳችን በፊት የማይሠሩትን እናስወግድ። ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም፤ ያከማቸዋል። በሊትር 10 ሚሊግራም ያለው 10 ሊትር ውሃ ፈልቶ 8 ሊትር ሲቀር መጠኑ 12.5 ይሆናል። ክሎሪን ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አይነካም። የሸክላ ማጣሪያና አሸዋም እንዲሁ፤ ፍሎራይድ የተሟሟ ነገር ስለሆነ በቀዳዳ መጥበብ አይያዝም።

ሌላው በቀላሉ የሚረሳው መቀላቀል ነው። አቅራቢያችሁ 0.5 ሚሊግራም ያለው ምንጭ ካለና ጉድጓዳችሁ 6 ከሆነ፣ 82 ሊትር ከምንጩ 18 ሊትር ከጉድጓዱ ስትቀላቅሉ 1.5 አካባቢ ይመጣል። የጉድጓዱ ድርሻ ጥቂት ነው፤ ግን በበጋ ምንጩ ሲቀንስ ያቺ 18 ሊትርም ቁም ነገር ናት። ዝቅተኛ ፍሎራይድ ያለው ውሃ በቧንቧ ማምጣት የሚቻልበት ቦታ ሁሉ ያንን ማስቀደም ይሻላል። ማጣሪያ በየወሩ የሚጠብቀው ሰው የሚፈልግ ነገር ነው፤ ቧንቧም ይበላሻል፣ ግን ሲበላሽ ውሃው ስለሚቋረጥ ሁሉም ያውቃል። ማጣሪያ ሲበላሽ ውሃው እንደ ወትሮው መፍሰሱን ይቀጥላል።

አሁን ፍሎራይድን ወደሚይዙት የማጣሪያ ማዕድናት። አድሶርፕሽን የምንለው የተሟሟው ነገር በጠጣር ቅንጣት ገጽ ላይ መያዙን ነው። ቅንጣቷ በውስጧ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሏት ገጿ ሰፊ ነው፤ በገጹ ላይ ደግሞ ፍሎራይድ የሚቀመጥባቸው ቦታዎች አሉ። ቦታዎቹ የተቆጠሩ ናቸው፤ ሲሞሉ አለቀ።

በሀገራችን በተግባር የተሞከሩት ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፦ የአጥንት ከሰልና አክቲቬትድ አሉሚና። የአጥንት ከሰል ስሙ ከሰል ይሁን እንጂ አብዛኛው ክፍሉ ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባለው የካልሲየምና የፎስፌት ማዕድን ነው፤ ካርቦኑ ከክብደቱ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ፍሎራይድ በማዕድኑ ውስጥ የሃይድሮክሳይድን ቦታ ይወስዳል፤ ሁለቱ በመጠን ስለሚቀራረቡ ልውውጡ ይመቻል። በውሃው ውስጥ ሃይድሮክሳይድ ሲበዛ፣ ማለትም ፒኤቹ ሲያሻቅብ፣ ልውውጡ ይዳከማል። አሉሚና ደግሞ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ቅንጣት ነው። ገጹ ከፒኤች 8 ወይም 9 በታች ፖዘቲቭ ቻርጅ ስለሚይዝ ኔጋቲቭ የሆነውን ፍሎራይድ ይስባል፤ ከዚያ በላይ ገጹም ኔጋቲቭ ስለሚሆን ይገፋዋል። ለአሉሚና የሚመቸው ፒኤች ከ5.5 እስከ 6.5 ነው። የስምጥ ሸለቆ ውሃ እንዳለ ሲገባበት ግን አቅሙ በብዙ እጥፍ ሊወርድ ይችላል።

የዛሬው ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው፦ በሻጭ ወረቀት ወይም በጥናት ላይ ያያችሁትን የመያዝ አቅም ለዕቅድ አትጠቀሙበት። «በግራም 6 ሚሊግራም ይይዛል» የሚል ቁጥር ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ግን የእናንተን ውሃ አይመለከትም። በቤተ ሙከራ ብዙ ጊዜ የሚደረገው እንዲህ ነው፦ በተጣራ ውሃ ውስጥ ሶዲየም ፍሎራይድ ይሟሟል፤ ባይካርቦኔት የለም፤ ፒኤቹ ይስተካከላል፤ ማዕድኑ ወደ ዱቄት ይፈጫል፤ 24 ሰዓት ይናጣል፤ ፍሎራይዱም እስከ 50ና 100 ሚሊግራም ይደርሳል። ከዚያ በየመጠኑ የተያዘው ፍሎራይድ በኩርባ ተስሎ ከፍተኛው ቁጥር ይነበባል። እናንተ የምትፈልጉት ግን የሚወጣው ውሃ 1.5 ሲሆን ማዕድኑ ምን ያህል እንደያዘ ነው።

በቁጥር እንየው። ከፍተኛ አቅሙ 6 የሆነና የላንግሙየር ቋሚው፣ ማለትም ፍሎራይድን የመሳብ ብርታቱን የሚያሳየው ቁጥር፣ 0.2 የሆነ ማዕድን እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው። አቅሙን የምናገኘው 6ን በ0.2ና በፍሎራይዱ መጠን አባዝተን፣ ውጤቱን ለ1 ሲደመር 0.2 ጊዜ የፍሎራይዱ መጠን በማካፈል ነው። ውሃው 1.5 ላይ ሲረጋጋ ማዕድኑ በግራም 1.4 አካባቢ ብቻ ይይዛል። እንደ ጥሬው የጉድጓድ ውሃ 8 ላይ ከሆነ 3.7 ይይዛል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ 6 የሚለው ቁጥር እናንተ ዘንድ በፍጹም አይደርስም። ሁለተኛ፣ ማዕድኑን በባልዲ ውስጥ ዘፍዝፎ ማውጣት ብክነት ነው፤ ምክንያቱም ማዕድኑ ሁሉ በመጨረሻ የሚገናኘው ከተጣራው፣ 1.5 ከሆነው ውሃ ጋር ነው። ውሃው ማዕድን በተሞላ ቧንቧ፣ ማለትም በዓምድ፣ ሲያልፍ ግን መግቢያው አካባቢ ያለው ማዕድን ሁልጊዜ ከ8ቱ ጋር ስለሚገናኝ የበለጠ ይሞላል፤ መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ የቀረውን ይለቅማል። ስለዚህ ዓምድ ሥሩ።

ዓምዱም ቢሆን 3.7ቱን ሙሉ አይሰጣችሁም። መውጫው ላይ 1.5 ሲታይ መሃሉና ጫፉ ገና አልሞሉም፤ ባይካርቦኔቱም ድርሻውን ይወስዳል። ለዕቅድ በግራም 2 ብለን እንያዝ። አምስት ሰው ያለበት ቤት ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ በቀን 20 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጄሪካን፣ ይፈልጋል እንበል። ማብሰያውን የምጨምረው ሆን ብዬ ነው፤ ሽሮ፣ በሶ፣ የእንጀራ ሊጥ የሚጠጡት ውሃ ፍሎራይዱን ይዞ ነው የሚገባው፤ ሻይ ቅጠል ደግሞ የራሱን ይጨምራል። ከ8 ወደ 1 ገደማ ለማውረድ ከእያንዳንዱ ሊትር 7 ሚሊግራም ይያዛል፤ በቀን 140። ማጣሪያው 10 ኪሎ የአጥንት ከሰል ከያዘ ጠቅላላ አቅሙ 20,000 ሚሊግራም ነው። ለ140 ስናካፍለው 143 ቀን። በወረቀቱ ቁጥር፣ በ6፣ ያሰበ ሰው ግን 428 ቀን ያገኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 285 ቀን ነው፤ ዘጠኝ ወር ያህል ቤተሰቡ የተጣራ መስሎት ያልተጣራ ውሃ ይጠጣል። ብዙ የተተዉ ማጣሪያዎች ታሪክ ይኸው ነው፤ ተከሉ፣ መጀመሪያ ሠሩ፣ ተለኩ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ከዚያ ማንም ሳያውቅ ሞሉ።

የራሳችሁን ቁጥር ለማግኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቧንቧ ውሰዱ፤ የተመዘነ ማዕድን 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ሙሉበት፤ የራሳችሁን የጉድጓድ ውሃ በእውነተኛው ማጣሪያ በሚኖረው የመቆያ ጊዜ አሳልፉ፤ በየቀኑ የወጣውን ውሃ ብዛትና የመውጫውን ፍሎራይድ መዝግቡ። 1.5 ሲደርስ ቁሙና የተያዘውን ፍሎራይድ በማዕድኑ ክብደት አካፍሉ። ያ ቁጥር የናንተ ነው። በአጎራባች ቀበሌ ጉድጓድ እንኳ ላይሠራ ይችላል።

የመቆያ ጊዜ አልኩ። ይህ የማዕድኑን ይዘት፣ ክፍተቱን ጨምሮ፣ ለፍሰቱ በማካፈል ይገኛል። የአጥንት ከሰል 1 ሊትሩ 0.7 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን 10 ኪሎው 14 ሊትር ቦታ ይይዛል። ውሃው በሰዓት 14 ሊትር ከፈሰሰ መቆያው አንድ ሰዓት ነው፤ ይህ ለቤት ማጣሪያ በቂ ነው። ለአጥንት ከሰል ከ20 ደቂቃ በታች ባትወርዱ ይመረጣል፤ ፍሎራይዱ ወደ ቅንጣቷ የውስጥ ቀዳዳ ለመግባት ጊዜ ይፈልጋል። አሉሚና ፒኤቹ ከተስተካከለለት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ቧንቧው ሙሉ ተከፍቶ እንዳይሮጥ የመውጫውን ቀዳዳ ራሱን አጥብቡት፤ «ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱ» የሚል ማሳሰቢያ ማንም አይከተልም።

የዕቃው ቅርጽም ይወስናል። 14 ሊትሩን 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ባልዲ ብታደርጉት ከፍታው 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ውሃው አቋራጭ ፈልጎ በግድግዳው ጥግ ያመልጣል። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቧንቧ ቢሆን 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆማል። ከፍታው ከስፋቱ ቢያንስ ሁለት እጥፍ ይሁን። ከታች 5 ሳንቲ ሜትር ጠጠር፣ በላዩ ወንፊት፣ በላዩ ማዕድኑ። የቅንጣቱ መጠን ከግማሽ እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዱቄቱን ካላበጠራችሁ በሳምንት ይደፈናል፤ ትልልቁን ከተዋችሁት ደግሞ ልቡ ሳይነካ ይቀራል። የመውጫውን ቱቦ ከታች አውጥታችሁ ወደ ላይ፣ ከማዕድኑ አናት ጥቂት ከፍ እስኪል አጥፉት። ያኔ ውሃ ባይሞላም ማዕድኑ አይደርቅም። አንዴ ከደረቀ አየር በቀዳዳዎቹ ይታሰርና በሚቀጥለው ጊዜ ውሃው በዚያ በኩል አያልፍም።

የአጥንት ከሰል የሚሠራው እንዲህ ነው። አጥንቱ ሥጋና ሞራው እስኪለቅ ይቀቀላል፣ ይደርቃል። ከዚያ አየር በማይገባበት ወይም እጅግ ጥቂት በሚገባበት ምድጃ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ለብዙ ሰዓት ይቆያል፤ ምድጃው ሳይከፈትም ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ ከጎደለ ወይም ሰዓቱ ካጠረ ምርቱ ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ሽታ ይኖረዋል፤ ውሃው ይቀልማል፣ ይሸታል፣ ሰውም በማግስቱ ይተወዋል። አየር ከገባ ወይም ሙቀቱ ከ600 በላይ ካለፈ ነጭ ይሆናል፤ ሽታ የለውም፣ ያምራል፣ ግን ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ስለተዘጉ የመያዝ አቅሙ ወድቋል። የምትፈልጉት ግራጫ ወደ ጥቁር የሚያደላውን ነው። ከእያንዳንዱ ምርት 5 ግራም ወስዳችሁ በ1 ሊትር የጉድጓድ ውሃ ለ24 ሰዓት እየናጣችሁ አቆዩትና ከዚህ በፊት ጥሩ ከሠራ ምርት ናሙና ጋር አወዳድሩት። ከዚያ በታች ከሆነ አትሽጡት። ሲተከልም ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ታጥቦ የመጀመሪያዎቹ 50 ሊትር ይደፋሉ።

«የምን እንስሳ አጥንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። የማን ቄራ፣ የምን ከብት፣ በማን እጅ እንደታረደ የማይነገርለት ከሰል በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት አይገባም፤ በጾም ወቅትም ክርክር ያስነሳል። በምድጃው ሙቀት ሥጋም ስብም አይቀርም ብሎ መናገር የቴክኒሻኑ ድርሻ ነው፤ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለው ግን የቄሱና የሼሁ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከእነሱ ጋር ተነጋገሩ፣ ቀጥላችሁ ትከሉ። በኬንያ የናኩሩ ካቶሊክ ሀገረ ስብከት፣ በእኛ ሀገር ደግሞ ኦሾ በሚል ምህጻር የሚታወቀው ሀገር በቀል ድርጅት፣ ከስዊዘርላንዱ የውሃ ምርምር ተቋም ኢያዋግ ጋር በአጥንት ከሰል የሠሩት ሥራ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። የናኩሩዎቹ ካልሲየምና ፎስፌት የሚለቅ እንክብል ከአጥንት ከሰሉ ጋር በመቀላቀል የማጣሪያውን ዕድሜ አራዝመዋል፤ እንክብሉ እየሟሟ ፍሎራይድን የሚይዝ አዲስ ማዕድን በዓምዱ ውስጥ እንዲፈጠር ያደርጋል።

አሉሚናን እንመልከት። በወንጂ ሸዋ የስኳር ፋብሪካ መንደሮች ለረጅም ዓመታት ያገለገለው ይህ ነው። ጥቅሙ ታጥቦ ደጋግሞ መሥራቱ ሲሆን ችግሩም እዚያው ነው፤ ኬሚካልና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ፋብሪካ ሁለቱም አሉት። የገጠር ቦኖ ግን አብዛኛውን ጊዜ የለውም፤ ስለዚህ አሉሚናን ለቤት ማጣሪያ ከመስጠት ተቆጠቡ እላለሁ።

ፒኤችን ማውረድ ምን ያህል እንደሚከብድ በምሳሌ እንየው። ባይካርቦኔቱ በሊትር 600 ሚሊግራም፣ ፒኤቹ 8.2 የሆነ ውሃ ወደ 6 እንዲወርድ ከባይካርቦኔቱ 70 በመቶ ያህሉ በአሲድ መገደል አለበት። ይህ ለ1 ሜትር ኩብ ውሃ 340 ግራም ገደማ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፤ በ98 በመቶው አሲድ 190 ሚሊ ሊትር ያህል። በቀን 20 ሜትር ኩብ ለሚያወጣ ቦኖ ወደ 4 ሊትር ይጠጋል። አሲዱን የሚጨምረው ፓምፕ ከውሃው ፓምፕ ጋር አብሮ ካልቆመ ቧንቧው በአሲድ ይሞላል፤ ፒኤቹ ከ5 በታች ሲወርድም አሉሚናው ራሱ መሟሟት ይጀምራል። ፒኤቹን በአሲድ የማታስተካክሉ ከሆነ ዝቅተኛውን አቅም ተቀበሉና ማዕድኑን አብዙ፤ በግማሽ መንገድ የሚሠራ የአሲድ ፓምፕ ከሁሉም የከፋ ነው።

የሞላ አሉሚና የሚታጠበው በ1 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ ነው። መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ ከታች ወደ ላይ ለቅቆ አልጋውን፣ ማለትም የአሉሚናውን ክምር፣ ማንሳትና ጭቃውን ማስወጣት፤ ቀጥሎ የአልጋውን ይዘት አምስት እጥፍ ያህል የሶዳ ውሃ በቀስታ ማሳለፍ፤ ማለቅለቅ፤ ከዚያም በቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ገለልተኛ ማድረግ። 500 ሊትር አሉሚና ላለው ታንክ 2,500 ሊትር የሶዳ ውሃ፣ ማለትም 25 ኪሎ ኮስቲክ ሶዳ፣ ይሄዳል። ሶዳው ወደ ውሃ ይጨመራል፤ ውሃ ወደ ሶዳ በፍጹም አይፈስም፤ ፈልቶ ይረጫል። ለአሲዱም ሕጉ አንድ ነው። መነጽርና ጓንት ሳይኖር ይህን ሥራ አትጀምሩ። የአሲዱ ደረጃ በችኮላ ሲዘለል አሉሚናው ገጹ ኔጋቲቭ እንደሆነ ይቀራል፤ በማግስቱ ምንም አይዝም፤ ከዚያ «ማዕድኑ ሞተ» ተብሎ ይጣላል። ሳይሞት የሚፈረድበት አሉሚና ብዙ ነው። በየእጥበቱ ከአሉሚናው ጥቂት በመቶ እንደሚሟሟም በበጀት ያዙ።

የሶዳው እጣቢ በሊትር ከመቶ ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ይይዛል፣ ያቃጥላልም። ወደ ወንዝ ወይም ወደ ማሳ ከተለቀቀ የወጣው መርዝ ተጠራቅሞ ተመለሰ ማለት ነው። ኖራ ሲጨመርበት ከፍሎራይዱ አብዛኛው እንደ ፍሎራይት ይዘቅጣል፤ የቀረው ፕላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ በፀሐይ ይደርቃል።

ስለ ሌሎቹ ማዕድናት ብዙ አልቆይም። ፓሚስ በስምጥ ሸለቆ በየሜዳው አለ፣ ርካሽ ነው፣ ቀዳዳው ብዙ ነው፤ ግን ራቁቱን የሚይዘው ጥቂት ነው። ፍሎራይዱን ለውሃው የሰጠውም እንዲህ ያለው ዓለት መሆኑን አትርሱ፤ ከመጠቀማችሁ በፊት በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ምን እንደሚለቅ ለኩ። በአሉሚኒየም ወይም በብረት ኦክሳይድ ሲለበጥ ይሻሻላል፤ ልባጩ እንዳይላቀቅ ግን ይፈተሽ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ተመራማሪዎች አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድን አዝቅጠውና አድርቀው ፍሎራይድ እንዲይዝ ያደረጉት ሥራ ተስፋ ሰጪ ነው፤ የውሃ ማጣሪያ አሉም (አሉሚኒየም ሰልፌት) በአዋሽ መልካሳ ስለሚመረት ጥሬ ዕቃው ሩቅ አይደለም። በዱቄት መልክ ግን ዓምድ ይደፍናል፤ ጠንካራ ቅንጣት ማድረጉ ነው ቁም ነገሩ። አሉምና ኖራ በባልዲ የሚበጠበጥበት፣ ከሕንድ የመጣው የናልጎንዳ ዘዴ ደግሞ ፍሎራይዱ ከፍ ሲል በሊትር ከ1 ግራም በላይ አሉም ሊጠይቅ ይችላል፤ በየቀኑ ዝቃጭ ይተዋል፤ ሰልፌቱም ጣዕም ይለውጣል። በአንዳንድ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች አርሴኒክ ከፍሎራይድ ጋር አብሮ እንደሚገኝም ይታወቃል። አሉሚና ሁለቱንም ይይዛል፤ ቦታው ግን አንድ ስለሆነ ይሻማሉ። ስለዚህ አዲስ ጉድጓድ ሲመረመር አርሴኒክም ይካተት።

አሁን ስለ መለካት፤ ስህተት የሚበዛው እዚህ ነው። ስፓድንስ በሚባለው ቀለም የሚሠራው ኮሎሪሜትር (የቀለም ድምቀት የሚለካ መሣሪያ) የሚያነበው እስከ 2 ሚሊግራም ብቻ ነው። 8 ሚሊግራም ያለውን ጥሬ ውሃ ሳታቀጥኑ ብትሰጡት የማይረባ ቁጥር ይሰጣችኋል። አንድ እጅ ናሙና በዘጠኝ እጅ የተጣራ ውሃ አቅጥኑና ንባቡን በ10 አባዙ። ሬጀንቱን (የምርመራውን ኬሚካል) በዓይን ሳይሆን በፒፔት ለኩ፤ ጥቂት ጠብታ ልዩነት ውጤቱን ይቀይራል። ፍሎራይድ ኤሌክትሮድ የምትጠቀሙ ከሆነ ቲሳብ የሚባለውን ማስተካከያ ሳትጨምሩ አታንብቡ። ከአሉሚና የወጣ ውሃ ጥቂት የተሟሟ አሉሚኒየም ይኖረዋል፤ ፍሎራይዱ ከእሱ ጋር ይጣበቅና ኤሌክትሮዱ አያየውም። ሰውነት ውስጥ ግን ይገባል። ቲሳብ ያላቅቀዋል፤ ስፓድንስም በአሉሚኒየም ይታለላል። ስለዚህ ከአሉሚና ማጣሪያ የሚወጣ እጅግ ጥሩ ቁጥር ስታዩ ከመደሰታችሁ በፊት አሉሚኒየሙንም ለኩ፤ ከ0.2 ሚሊግራም በላይ መሆን የለበትም።

መቼ መቼ ይለካ? ከተተከለ በሁለተኛው ሳምንት አንዴ፤ ማጣሪያው በትክክል መሠራቱን ያሳያል። ከዚያ በየወሩ። በሒሳባችሁ ከሚጠበቀው ዕድሜ ሁለት ሦስተኛው ሲያልፍ፣ በምሳሌያችን 100 ጄሪካን አካባቢ፣ በየሳምንቱ። ጄሪካን የምለው ቀን መቁጠር ስለማያስተማምን ነው፤ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ እንግዳ ባለበት ሳምንት ውሃው እጥፍ ይሄዳል። ማጣሪያው አጠገብ ሰሌዳ ስቀሉና በየጄሪካኑ አንድ ጭረት ይጫር። መውጫው 1 ሚሊግራም ሲያልፍ አዲሱ ማዕድን ይታዘዝ፤ 1.5 ሲደርስ ይቀየር። ሁለት ዓምድ አከታትሎ መትከል ከተቻለ ደግሞ የፊተኛው መውጫ 1.5 ቢያልፍም ኋለኛው ስለሚጠብቅ ፊተኛውን ይበልጥ እስኪሞላ መጠቀም ይቻላል፤ ከዚያ ፊተኛው ይወጣል፣ ኋለኛው ወደ ፊት ይመጣል፣ አዲሱ ከኋላ ይገባል።

ክሎሪን ከማጣሪያው በኋላ እንጂ በፊት አይጨመርም፤ የአጥንት ከሰሉ ካርቦን ክሎሪኑን ይበላዋል። ለብዙ ቀን ያልተሠራበት ማጣሪያ ውስጥ የቆመው ውሃ ይደፋ፤ ጀርም ይራባበታል። ውሃው ደፍራሳ ከሆነ በፊት ይዝቀጥ፤ ብረት ያለበት ውሃም ዝገቱ ቅንጣቱን ይለብጠዋል።

ያገለገለው 10 ኪሎ ከሰል 20 ግራም ያህል ፍሎራይድ ይዟል። ከጉድጓድና ከጓሮ አትክልት ርቆ፣ ጎርፍ በማያገኘው ደረቅ ቦታ ይቀበር። ለልጆች መጫወቻ ወይም ለዶሮ መኖ እንዳይሄድ ተጠንቀቁ፤ አጥንት ነውና ካልሲየም ይሰጣል ብሎ ለዶሮ የሚበትን ሰው አይጠፋም።

በመጨረሻ ገንዘቡ። 20 ሊትሩ ጄሪካን 143 ጊዜ ሲሞላ 10 ኪሎ ከሰል ያልቃል፤ ማለትም እያንዳንዱ ጄሪካን 70 ግራም ከሰል ይበላል። የውሃ ኮሚቴው ታሪፍ ሲያወጣ የ70 ግራሙን ዋጋ፣ ማጓጓዣውንና የምርመራውን ሬጀንት በየጄሪካኑ ላይ ጨምሮ ለብቻ ይያዝ። ጉድጓዱ 8 ሳይሆን 4 ከሆነ የሚያዘው ፍሎራይድ ከግማሽ በታች ስለሚሆን ግራሙም ይቀንሳል፤ 12 ከሆነ ከ100 ግራም ያልፋል። ሒሳቡ በየጉድጓዱ መሠራት አለበት። ያንን ብር የማይሰበስብ ኮሚቴ አምስተኛው ወር ላይ የሞላ ማጣሪያና ባዶ ካዝና ይዞ ይቀመጣል፤ ውሃው ግን ያን ጊዜም ጥርት ብሎ ይወርዳል። ጥያቄ ካላችሁ የጉድጓዳችሁን ፒኤች፣ ባይካርቦኔትና ፍሎራይድ ይዛችሁ ኑ፤ ሒሳቡን አብረን እንሠራዋለን።